የወረደ ድረ ገጽ ከሊኑክስ ወደ ዊንዶውስ ሲሄድ የፋይል ስሙ ለምን ይበላሻል?

ጥያቄው የመጣው ከፒያሳ ነው። ጠያቂዋ በአንድ አነስተኛ የባህል መጽሔት ቢሮ ይሠራሉ። አጠር ሲል እንዲህ ይላል፦

«የመጽሔታችን ድረ ገጽ በዎርድፕሬስ የተሠራ ነው። የሆስቲንግ ውሉ ሊያልቅ ስለሆነ ከመዘጋቱ በፊት የሙሉውን ቅጂ ማስቀመጥ ፈለግን። ቤት ባለኝ የኡቡንቱ (ሊኑክስ) ላፕቶፕ ደብሊውጌት በሚባል ድረ ገጽ አውራጅ ፕሮግራም አወረድኩት። እዚያው ላፕቶፑ ላይ የአማርኛ ርዕሶቹ በፐርሰንት ምልክትና በማይነበብ ነገር ተሞልተዋል። ወደ ፍላሽ ስገለብጠው ደግሞ ግማሹ ‹ኢንቫሊድ አርጊዩመንት› እያለ እምቢ አለ። የተገለበጠውን ቢሮ ዊንዶውስ ላይ ስከፍተው ገጹ ራቁቱን ነው፤ ቀለም የለው፣ አቀማመጥ የለው። ሊንኮቹም አይሄዱም። አንድ ባልደረባዬ ‹አማርኛ የፋይል ስም ኮምፒውተር አይወድም፣ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ፊደል ቀይሪው› አለኝ። አለቃችን ደግሞ ማክቡክ ነው የሚጠቀሙት። ስሞቹን በእጄ ልቀይር? ፎልደሮቹንስ ምን ብዬ ልሰይም?»

በእጅዎ አይቀይሩ። አንድም ፋይል ቢሆን። የወረደ ድረ ገጽ ውስጥ እያንዳንዱ ገጽ ሌላውን ገጽ፣ ፎቶውንና የመልኩን ፋይል የሚጠራው በስሙ ነው። የሎጎውን ስም ቢቀይሩ ሎጎውን የሚጠሩት ገጾች በሙሉ ባዶ ሣጥን ያሳያሉ። አንዱን አስተካክላለሁ ሲሉ መቶውን ያበላሻሉ። ስም የሚስተካከለው በሚወርድበት ሰዓት ብቻ ነው። አውራጁ ፕሮግራም ስሙን ሲለውጥ በየገጹ ያለውን ሊንክም አብሮ ይለውጣል። ሰው ሲለውጠው ግን ሊንኩ የድሮውን ስም እንደያዘ ይቀራል። ድረ ገጹ ገና ስላልተዘጋ ጊዜ አለዎት። የመጀመሪያውን ማውረድ ወደ ጎን ይተዉትና እንደገና ያውርዱ።

የባልደረባዎ ምክር ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ ግን ጊዜው አልፎበታል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የዓለም ፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬ ዊንዶውስም ማክም ሊኑክስም አማርኛ የፋይል ስም ያለችግር ይይዛሉ። እምነቱ የቀረው ከዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ይመስለኛል። ያኔ የአማርኛ ፎንት ከሲስተሙ ጋር አይመጣም ነበር። ኒያላ የሚባለው ፎንት የመጣው ከቪስታ ጋር ነው። ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ስሙ የሣጥን ረድፍ ሆኖ ስለሚታይ ሰው ሁሉ «ተበላሸ» ይል ነበር። ስሙ ግን ደህና ነበር፤ የሚያሳየው ፎንት ነው የጠፋው።

የእርስዎ ግን የምር ተበላሽቷል። ያበላሸው ደግሞ ኡቡንቱም ፍላሹም አይደለም። ደብሊውጌት ማንም ካልነገረው በራሱ የሚከተለው ደንብ ነው። ነገሩ በደንብ መታወቅ ስላለበት ትንሽ ላብራራው።

ኮምፒውተር ፊደልን የሚያስቀምጠው በባይት ነው፤ አንድ ባይት ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ነው። አንድ የአማርኛ ሆሄ በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ፣ በዩቲኤፍ-8፣ ሲጻፍ ሦስት ባይት ይወስዳል። ለምሳሌ «አ» በባይት ሲቆጠር 225፣ 138፣ 160 ነው። ደብሊውጌት ፋይል ሲያስቀምጥ «የቁጥጥር ምልክት» ብሎ የሚጠረጥራቸውን ባይቶች ያወጣና በቦታቸው የፐርሰንት ምልክትና ኮድ ይተካል። የሚጠረጥራቸው ከ0 እስከ 31 እና ከ128 እስከ 159 ያሉትን ነው። አሁን «አ»ን ይመልከቱ። መሀሉ ላይ 138 አለ። ይሄ ይወጣል። 225 እና 160 ያለ መሀል ይቀራሉ፤ ብቻቸውን ደግሞ ምንም ፊደል አይሆኑም። የ«አ» ዕጣ ብቻ አይደለም። በዋናው የኢትዮጵያ ፊደል ሠንጠረዥ ውስጥ ያለ ሆሄ ሁሉ መሀለኛ ባይቱ ከ136 እስከ 141 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» አንድም ሳይተርፍ ሁሉም መሀሉ ላይ ይሰበራል። ላቲን ፊደል የሚጠቀም ሰው ይህን ችግር ዕድሜ ልኩን ላያየው ይችላል። እኛ ግን በመጀመሪያው ቀን እናገኘዋለን።

ሊኑክስ ስም ውስጥ የገባውን ባይት አይመረምርም፤ የተሰበረውንም ዝም ብሎ ያስቀምጣል። ማክ አሁን በሚጠቀምበት የዲስክ አሠራር ትክክለኛ ዩቲኤፍ-8 ያልሆነ ስም አይቀበልም። ፍላሽዎም አልቀበልም ያለው በዚሁ ምክንያት ነው። ከሁለቱ ምክንያቶች አንዱ ማለቴ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የጥያቄ ምልክት ነው። ዎርድፕሬስ የገጹን መልክ የሚወስኑትን ፋይሎች ሲጠራ ከስሙ ኋላ የጥያቄ ምልክትና የቨርዥን ቁጥር ይቀጥላል። ብሮውዘሩ አዲሱን ቨርዥን እንዲያወርድ ነው እንዲህ የሚደረገው። ደብሊውጌት ሊኑክስ ላይ ያንን የጥያቄ ምልክት የፋይሉ ስም አካል አድርጎ ያስቀምጠዋል። ፍላሹ ደግሞ ኤክስፋት ወይም ፋት-32 በሚባል፣ ከዊንዶውስ በኩል በመጣ የዲስክ አሠራር የተዘጋጀ ነው። እነዚህ ሊኑክስ ላይ ቢሰኩም የራሳቸውን ሕግ አይለቁም። የመልክ ፋይሎቹ አልገለበጥ ያሉት ለዚህ ነው። ገጹ ቢሮ ላይ ራቁቱን የቀረውም ለዚሁ ነው።

ሕጉ ይሄ ነው። ዊንዶውስ ስም ውስጥ የማይፈቅዳቸው 9 ምልክቶች አሉ፦ < > : " / \ | ? * ። ሊኑክስ የሚከለክለው የተጋደመውን መስመር / እና ዜሮ ባይትን ብቻ ነው። ማክም ለዘብተኛ ነው፤ ኮሎንን ግን ከድሮ ጀምሮ በልዩ ዓይን ያየዋል። ከእነዚህ ውስጥ በጣም የምፈራው ኮሎንን ነው። ሌሎቹ ቢያንስ «አልችልም» ተብለው ይመለሳሉ። ኮሎን ግን የዊንዶውስ ዲስክ ላይ ሌላ ትርጉም አለው። አንዳንድ ፕሮግራም ኮሎን ያለበትን ስም እንዳለ ሊጽፍ ሲሞክር ከኮሎኑ በፊት ባለው ስም 0 ባይት የሆነ ፋይል ይፈጠራል። ይዘቱ የማይታይ ቦታ ገብቶ ይደበቃል። ወደ ፍላሽ ሲገለበጥ ያ የተደበቀው ይጠፋል። እንደ ውክፔዲያ ያሉ ድረ ገጾች በብዙ ገጾቻቸው ስም መሀል ኮሎን ስለሚያስገቡ እነሱን የሚያወርድ ሰው ይጠንቀቅ። የእኛ ሁለት ነጥብ ፡ ግን ሌላ ሆሄ ነው። የትም ቦታ አይከለከልም።

በተጨማሪ ዊንዶውስ ከዶስ ዘመን ጀምሮ ለራሱ የያዛቸው ስሞች አሉ። «ኮን»፣ «ነል»፣ «ኦክስ» እና «ፒ-አር-ኤን»፣ እንዲሁም «ኮም» እና «ኤል-ፒ-ቲ» ከ1 እስከ 9 ቁጥር ሲቀጠልባቸው። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፉ ማለት ነው። ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ከስሙ መጨረሻ ከነጥብ ቀጥሎ የሚመጣው የፋይል ዓይነት ምልክት፣ ቢኖራቸውም ችግር ያመጣሉ። በነጥብ ወይም በባዶ ቦታ የሚያልቅ ስምም ዊንዶውስ ላይ አይሠራም። እነዚህ ብዙ አያጋጥሙም፤ ካወረዱ በኋላ አንዴ መፈለግ ይበቃል።

ርዝመቱ ላይ ግን ልቆይ። አማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ዋናው ወጥመድ ይሄ ነው።

ሊኑክስ ላይ አንድ ስም ቢበዛ 255 ባይት ነው። አንድ ሆሄ 3 ባይት ከሆነ 85 ሆሄ ይይዛል። ለአንድ ርዕስ ይበቃል። ዊንዶውስ ግን የሚቆጥረው በሆሄ ስለሆነ እስከ 255 የአማርኛ ሆሄ ይፈቅዳል። እስከዚህ ድረስ ምንም ችግር የለም። ስሙ በፐርሰንት ኮድ ከተጻፈ ግን አንዷ ሆሄ 9 ምልክት ትሆናለች፤ ሦስት ባይት፣ ለእያንዳንዱ የፐርሰንት ምልክትና ሁለት ኮድ። ያኔ 255 ውስጥ የሚገባው 28 ሆሄ ብቻ ነው። ዎርድፕሬስ ራሱ የአንድን ጽሑፍ አድራሻ በ200 ምልክት ይቆርጣል። የሚቆርጠው በፐርሰንት ከተጻፈ በኋላ ነው። በመጽሔታችሁ አድራሻዎች ላይ የአማርኛው ርዕስ 22 ሆሄ አካባቢ ላይ ድንገት ሲቋረጥ አይተው ከሆነ ምክንያቱ ይሄ ነው። ማውረጃው አይደለም የቆረጠው፤ ድሮውንም የተቆረጠ ነው። ስለዚህ ሙሉውን ርዕስ ከፋይል ስም ሊያገኙት አይችሉም። ከገጹ ውስጥ ነው የሚያገኙት።

አሁን ዊንዶውስ ላይ ከዲስኩ ስም እስከ ፋይሉ መጨረሻ ያለው ጠቅላላ መንገድ ከተለመደው 260 ምልክት ማለፍ የለበትም። እናስላው። ፋይሉን ዴስክቶፕ ላይ ያስቀምጡታል እንበል። እስከ ዴስክቶፕ ያለው መንገድ 30 ገደማ ይወስዳል። የድረ ገጹ ስም 20። ዓመትና ወር 8። ርዕሱ በፐርሰንት ከሆነ 200። በመጨረሻ «ኢንዴክስ» የሚባለው ፋይል 10። ሲደመር 268፤ መሀል ላይ ያሉትን ቀሪ የተጋደሙ መስመሮች ገና አልቆጠርንም። አለፈ። ይሄው ርዕስ በአማርኛ ሆሄ ቢጻፍ ግን 22 ብቻ ይወስዳል። ጠቅላላው ከ100 በታች ይሆናል። ልብ ይበሉ፤ በዊንዶውስ ላይ አማርኛው ስም ነው የሚያድነን። የባልደረባዎ ምክር የተገላቢጦሽ ነው የምልበት ምክንያት ይሄ ነው። እርግጥ ዊንዶውስ 10 ከ1607 ቨርዥን ጀምሮ ገደቡን ማንሳት ይቻላል። ግን ማስተካከያውን ማብራት ያስፈልጋል፤ ፕሮግራሙም ራሱ መደገፍ አለበት። በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ይህን ተማምኖ ሥራ ማስቀመጥ አይገባም።

ትልቅና ትንሽ ፊደል ሌላው ነገር ነው። እኛ ፊደላችን ይህ ልዩነት ስለሌለው ትዝ አይለንም። ለሊኑክስ በትልቅ የጀመረና በትንሽ የጀመረ ስም ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው። ለዊንዶውስና ለማክ በተለመደው አሠራራቸው አንድ ናቸው። ፎቶ የሚጭነው ሰው አንዴ በትልቅ፣ አንዴ በትንሽ ፊደል ከጻፈው ሁለት ፎቶ በአንድ ስም ይጋጫል። ስትገለብጡ ዊንዶውስ «ያለውን ልተካው?» ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ሰው ደግሞ ተቻኩሎ «ሁሉንም» የሚለውን ይጫናል። ያን ጊዜ አንዱ ፎቶ ይጠፋል። ይህ ጥያቄ ከመጣ ያቁሙ። ባዶ ፎልደር ላይ እየገለበጡ «ልተካው?» ከተባሉ ግጭት አለ ማለት ነው። ደብሊውጌት ሁሉንም ወደ ትንሽ ፊደል የሚቀይር ምርጫ አለው፤ እሱን አይጠቀሙ። ግጭቱን አያስወግደውም፣ ገና ሲወርድ ነው የሚያጋጨው። ተጋጭተው ያገኙዋቸውን ጥቂት ፋይሎች ለብቻ በሌላ ፎልደር አስቀምጦ መመዝገብ ይሻላል።

በአማርኛ በኩል ደግሞ የራሳችን ጣጣ አለን። «ዓለም» እና «አለም»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለእኛ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን ፍጹም የተለያዩ ናቸው። የመጽሔቱን አድራሻዎች የጻፉት የተለያዩ አዘጋጆች ከሆኑ አንዱ ቃል በሦስት ዓይነት ተጽፎ ያገኙታል። ስሞቹን አንድ ለማድረግ አይሞክሩ፤ ሊንኩ ይሰበራል። ሲፈልጉ ግን ሁሉንም አጻጻፍ መሞከር አይርሱ። በሌላ በኩል እንደ ፈረንሳይኛ ባሉ ቋንቋዎች ምልክት ያለው ፊደል ማክ ላይ ሲሄድ ሊበተን ይችላል። የእኛ ሆሄ አይበተንም። እዚህ ላይ ተመችቶናል።

«ዚፕ አድርጌ ብወስደውስ?» የሚል ሐሳብ ሳይመጣልዎት አይቀርም። ዚፕ መጓጓዣ ነው። ስሞቹን አያስተካክልም። ፍላሹ ላይ አንድ ፋይል ሆኖ በሰላም ይደርሳል፤ ዊንዶውስ ላይ ሲፈታ ግን ያው የጥያቄ ምልክት እንደገና ይጠብቅዎታል። የቆየ ዊንዶውስ ላይ በራሱ ዚፕ ማሸጊያ የአማርኛ ስም ያለበት ፋይል አልታሸግ ሊልም ይችላል፤ ሰቨን-ዚፕ ይሻላል። ፋት-32 የሆነ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል እንደማይቀበልም አይዘንጉ። ፍላሹ በየኮፒ ቤቱ የሚዞር ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ያጽዱት። ፎልደሮችን ደብቆ በሾርትከት የሚተካው ቫይረስ እዚህ አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ እስካሁን አልጠፋም፤ የስም ችግር መስሎ ያሳስታል።

ታዲያ እንዴት ይወርድ? መርሁ አንድ ነው። ከሦስቱ ኮምፒውተሮች ጥብቅ የሆነው ዊንዶውስ ስለሆነ ሊኑክስ ላይ ቢያወርዱም ለዊንዶውስ እንደሚያወርዱ አድርገው ያውርዱ። ደብሊውጌት ለዚህ «ሪስትሪክት ፋይል ኔምስ» የሚባል ምርጫ አለው። ለእሱ ሁለት እሴት በኮማ አያይዘው ይስጡት፤ አንደኛው «ዊንዶውስ»፣ ሁለተኛው «ኖኮንትሮል»። የመጀመሪያው የተከለከሉትን ምልክቶች ያስወግዳል። የጥያቄ ምልክቱን ለምሳሌ በ@ ይተካዋል። ሁለተኛው ያን የባይት ጥርጣሬ ያጠፋና አማርኛውን ሳይሰብር ያሳልፋል። አንዱን ብቻ ከሰጡት ግማሽ ሥራ ነው። ብዙ ሰው «ዊንዶውስ» የሚለውን ብቻ ይሰጥና አማርኛው ለምን እንደተሰበረ ግራ ይገባዋል።

ከእነዚህ ጋር «ሚረር» (ሙሉውን ድረ ገጽ የሚያወርድ)፣ «ፔጅ ሪኩዚትስ» (ፎቶዎቹንና የመልክ ፋይሎቹን የሚያመጣ)፣ «ኮንቨርት ሊንክስ» (ሊንኮቹን የሚያስተካክል) እና «አድጀስት ኤክስቴንሽን» (ለገጾቹ ኤክስቴንሽን የሚጨምር) የሚባሉትን ምርጫዎች ይጨምሩ። የመጨረሻው ትንሽ ይመስላል፤ ግን ሁለት ችግር በአንዴ ይፈታል። ሰርቨር የፋይሉን ዓይነት ለብሮውዘሩ በራሱ ይነግረዋል። ዊንዶውስ ግን የሚያውቀው በኤክስቴንሽን ብቻ ነው። ስለዚህ ኤክስቴንሽን የሌለው ገጽ ሁለቴ ሲጫኑት «በምን ልክፈተው?» ይላል። ሌላው፣ አንድ አድራሻ ገጽም ሆኖ በሥሩ ሌሎች ገጾች ሲኖሩት አንድ ስም ፋይልም ፎልደርም መሆን አለበት። ይህ በየትኛውም ሲስተም አይቻልም። ለገጹ ኤክስቴንሽን ሲጨመርለት ሁለቱ ይለያያሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ደብሊውጌት ሊንኮቹን የሚያስተካክለው ሁሉም ወርዶ ካለቀ በኋላ ነው። መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ወይም ኔትወርክ ከተቋረጠና ፕሮግራሙ ከተዘጋ የወረዱት ገጾች ሊንካቸው ሳይነካ ይቀራል። ፋይሉ አለ፣ ሊንኩ ግን ወደ ኢንተርኔት ይሄዳል። ስለዚህ ማታ ኔትወርኩ ሲረጋጋ፣ የላፕቶፑ ባትሪ ሞልቶ ይጀምሩ። በየፋይሉ መሀል አንድ ሁለት ሰከንድ እንዲያርፍም ያድርጉት። ርካሽ ሆስቲንግ ላይ ያለ ድረ ገጽ ሳያርፉ ከጎተቱት ሰርቨሩ ሊዘጋዎት ይችላል።

ሊኑክስ ከሌለ ዊንዶውስ ላይ ኤችቲትራክ የሚባለው አውራጅ ፕሮግራም ይሠራል። በመስኮት የሚታዘዝ ነው፤ ትእዛዝ መጻፍ ለማይወድ ሰው ይቀላል። ከጥያቄ ምልክት በኋላ ያለውን ነገር በአራት ምልክት አሳጥሮ ስሙ ላይ ያያይዘዋል። ስሙ ለዓይን ባያምርም አይጋጭም። የስም አወጣጡን መቀየሪያ ውስጥ አጫጭር የዶስ ስምና የሲዲ ስም የሚሉ ምርጫዎች አሉ፤ አይንኳቸው። የተሠሩት ለሌላ ዘመን ነው።

ወደ ፎልደሩ ስም ልምጣ። ሁለት ነገር ይለዩ። ከድረ ገጹ የመጣው ውስጠኛ ፎልደር ሁሉ እንደመጣ ይቆይ። የድረ ገጹን አድራሻ የያዘውም ጭምር፤ ፋይሉ ከየት እንደመጣ የሚመሰክረው እሱ ነው። መቶ ፎልደር ውስጥ መቶ «ኢንዴክስ» የሚባል ፋይል ቢያዩም አይደንግጡ። ዎርድፕሬስ ሲወርድ እንዲህ ነው። እርስዎ የሚሰይሙት ከሁሉም ውጪ ያለውን አንዱን ፎልደር ብቻ ነው። እሱን በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ በቁጥርና በሰረዝ ብቻ ይጻፉት። ባዶ ቦታ አይኑረው። አጭር ይሁን። የሚቀመጠውም ዴስክቶፕ ላይ ሳይሆን የዲስኩ መጀመሪያ ላይ ይሁን። አማርኛው ይሠራል ብዬ ውጪውን ለምን በእንግሊዝኛ ፊደል አልኩ? ይህን ስም ሰው በእጁ ይጽፈዋል። የአማርኛ ኪቦርድ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይም መጻፍ መቻል አለበት።

ስሙ ላይ ቀን ይኑር። ዓመት፣ ወር፣ ቀን በዚህ ቅደም ተከተል፤ ሲደረደር ራሱ በጊዜ ይሰለፋል። እዚህ ላይ ግን አጥብቄ የምለው አለ፤ በፈረንጆቹ ቀን ይጻፉ። መጋቢት 5 ቀን 2017 ያወረዱትን 2017-07-05 ብለው ቢጽፉት፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚያየው ሰው እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 ቀን 2017 ብሎ ሊያነበው ይችላል። ያ ቀን በእኛ ሰኔ 28 ቀን 2009 ነው። ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ በፋይሉ ላይ የሚያስቀምጠው ቀን በፈረንጆቹ ስለሆነ 2025-03-14 ብለው ቢጽፉ ከእሱ ጋር ይገጥማል። ጳጉሜን ደግሞ 13ኛ ወር ብለው ቢጽፉት የትኛውም ፕሮግራም ቀን ነው ብሎ አያምንም። የእኛን ቀን፣ የድረ ገጹን ሙሉ አድራሻ፣ ያወረደውን ሰው፣ በምን ፕሮግራምና በየትኞቹ ምርጫዎች እንደወረደ በአንድ አጭር የጽሑፍ ፋይል ጽፈው እዚያው ፎልደር ውስጥ ያስቀምጡ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለማንበብ የሚሆን ቅጂ ነው። ለዘለቄታው ለማስቀመጥ የሚሆነው ሌላ ነው። ደብሊውጌት ከ1.14 ቨርዥን ጀምሮ፣ ካዘዙት፣ በዚያው ማውረድ ላይ «ዋርክ» የሚባል የማኅደር ፋይል አብሮ ይሠራል። ዓለም አቀፍ ደረጃ አለው፤ አይኤስኦ 28500 ነው። በዋርክ ውስጥ እያንዳንዱ ገጽ ከእውነተኛ አድራሻውና ከወረደበት ሰዓት ጋር በአንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። የፋይል ስም የሚባል ነገር ስለሌለው ከላይ ያወራነው ጣጣ በሙሉ አይነካውም። ሁለቴ ተጭነው አይከፍቱትም፤ ማጫወቻ ፕሮግራም ያስፈልገዋል። ዋናው ቅጂ እሱ ይሁን። ፎልደሩ ሁሉ ቢበላሽ ከእሱ መልሶ ማውጣት ይቻላል።

ደግሞም ድረ ገጹ የራሳችሁ ነው። ይህ ብዙ ነገር ይቀይራል። በማውረድ የሚገኘው ጎብኚ የሚያየው ገጽ ብቻ ነው። መፈለጊያው አይሠራም፣ አስተያየት መስጫው አይሠራም፣ ያልታተሙ ረቂቆች የሉበትም። ከሆስቲንጉ መቆጣጠሪያ ገጽ (ሲፓነል) ገብታችሁ ዳታቤዙንና የፎቶዎቹን ፎልደር ሙሉ ባክአፕ ውሰዱ። ከዎርድፕሬስ ውስጥም ጽሑፎቹን በሙሉ ኤክስፖርት አድርጉ። ነገ ሌላ ቦታ ድረ ገጹን ማስነሳት የምትችሉት በዚህ ነው። የይለፍ ቃሉን የያዘው የቀድሞ ሠራተኛ ከሆነ ዛሬውኑ ፈልጉት።

ሁሉም ሲያልቅ ቢሮ ዊንዶውስ ላይ ይፈትሹ። ከመክፈትዎ በፊት ዋይፋዩን ያጥፉ። ኢንተርኔት ካለ ያልተስተካከለው ሊንክ ገና ወዳልተዘጋው ድረ ገጽ ይሄድና የሚሠራ ይመስላል። እውነቱ የሚወጣው ድረ ገጹ የተዘጋ ቀን ነው። ዋይፋዩ ጠፍቶ ከየዓመቱ ጥቂት ጽሑፎችን፣ በተለይ ረዥም የአማርኛ ርዕስ ያላቸውንና ፎቶ የሚበዛባቸውን፣ ይክፈቱ። የፋይሎቹን ብዛት ላፕቶፑ ላይና ቢሮ ላይ ቆጥረው ያወዳድሩ። 0 ባይት የሆነ ፋይል ካለ ይፈልጉ። ከዚያ በአለቃዎ ማክ ላይ ያንኑ ይድገሙት። ማክ ፍላሹ ላይ በነጥብና በግርጌ ሰረዝ የሚጀምሩ ትንንሽ ፋይሎች ይተዋል፤ ጉዳት የላቸውም፣ ቆጠራው ላይ ብቻ እንዳያሳስቱዎት። ይህን ሁሉ ውሉ ከማለቁ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ይጨርሱ፤ የጎደለ ፋይል ከተገኘ እንደገና ማውረድ የሚቻለው ድረ ገጹ እስካለ ድረስ ነው።